የአባቴ ጠመንጃ ሰደፍ፦ እንጨቱን ከሐረር ገዝቼ ድሬ ያሰራሁበት

ጠመንጃው የአባቴ ነው፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ጎን ለጎን፣ ካሊበር 12፣ የቤልጅግ ስራ። አፈሙዙ ስር እንቁላል በመሰለ ክብ ውስጥ ኢ ኤል ጂ የሚሉ ሶስት የፈረንጅ ፊደላት አሉት፣ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማህተም ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ማታ ማሽላ ሊጠብቅ ሲወጣ ትከሻው ላይ ማየው ይሄንኑ ነበር። እሱ ሲያርፍ ፈቃዱ ወደኔ ዞረ፣ ጠመንጃውን ስረከብ ግን ሰደፉ አንገቱ ጋ ተሰንጥቆ በሽቦ ተጠፍሮ ነው ያገኘሁት። ያቺን ሽቦ ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ የአባቴን እቃ በቅጡ ያልያዝኩ ነው ሚመስለኝ። ስለዚ ላሰራው ወሰንኩ፣ አሰራሁትም፣ ሁለቴ። የመጀመሪያው ስድስት ቀን ፈጀ፣ ሁለተኛው ሰባት ወር። ሰደፍ ላሰራ ብላችሁ ምታስቡ ካላችሁ የሁለቱን ልዩነት ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ሐረር አንድ የእንጨት ስራ ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ በርና አልጋ ቆንጆ አድርገው ይሰራሉ፣ እሱን አልክድም። የዋንዛ ጣውላ 1,400 ብር ገዛሁ፣ ለእጅ ስራ 4,500 ከፈልኩ፣ በስድስተኛው ቀን ቫርኒሹ እንደ መስታወት የሚያበራ ሰደፍ ተረከብኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ድሬ ይዤው ወረድኩ፣ ቤቴ ሳቢያን ነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ በአምስተኛው ሳምንት ቫርኒሹ ስር ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ፣ ከዛ መስመሯ ረዘመች፣ ከዛ ሁለት ጥይት ብቻ ስተኩስበት ከብረቱ ጀርባ ጀምሮ እስከ አንገቱ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ሳምንት ሙሉ አላየውም ብዬ ጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኩት።

ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ሁለተኛው ሰሪ ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያሳዩኝ ነው። እሳቸው ጋ የደረስኩት በጎረቤቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሰው፣ «እኛ ጋ የነበሩ አናጢ አሉ፣ እሳቸውን አሳያቸው» አለኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ድሬ እንደምታውቋት ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው፣ ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ጀምሮ ጥገናው ቤት ስንቱን ባለሙያ እንዳፈራ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ጋሼም እድሜያቸውን የጨረሱት እዛ ነው፣ የፉርጎ በር፣ መስኮት፣ ወንበር ሲሰሩ። አስቡት፣ አንድ የፉርጎ መስኮት ጅቡቲ ባህሩ ዳር ወበቁን ጠጥቶ ያብጣል፣ ድሬ ሲደርስ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ብርዱና ዝናቡ ይጠብቀዋል፣ እና በሶስቱም ቦታ መከፈትና መዘጋት አለበት። እንደዚህ አይነት መስኮት ሲሰራ የኖረ ሰው እንጨት እንደሚንቀሳቀስ በእጁ ነው ሚያውቀው።

ገና ሰላምታ እንደጨረስን የጠየቁኝ ጥያቄ ስንት ትከፍላለህ አልነበረም።

«መሳሪያው የት ነው የሚሰቀለው?» አሉኝ።

«ቤቴ ጋሼ፣ ሳቢያን።»

«ሳቢያን ከሆነ እንግዲህ እንጨቱም መጀመሪያ ድሬን ይልመዳ ልጄ።»

ከዛ ስብርባሪውን አገላብጠው አሳዩኝ። አንደኛ ዋንዛው ያልደረቀ ነው። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ ወደ 1,200፣ ሃምሳ ምናምን ኪሎሜትር ነው መሃላቸው ግን አየሩ ሌላ አገር ነው፣ እርጥብ እንጨት እዛ ሰርተህ እዚህ ስታመጣው ይኮማተራል፣ ሚኮማተረው ደግሞ በርዝመቱ ሳይሆን በጎኑ ነው፣ ብረቱ አይኮማተርም፣ እንጨቱ ብረቱን አቅፎ መሄጃ ሲያጣ ይቀደዳል። ሁለተኛ፣ አቆራረጡ። የእንጨቱ መስመር ሰደፉ አንገት ላይ አግድም ነው ያለፈው፣ አንገት ማለት ደግሞ የሰደፉ ቀጭኑ ቦታ ነው፣ መስመሩ እዛ ጋ ከብረቱ ተነስቶ ወደኋላ ቀጥ ብሎ ካልሄደ በእጅም ይሰበራል። ሶስተኛውን እኔ በሞቴም አላውቀውም ነበር፦ ከብረቱ ወደኋላ የምትዘረጋ ምላስ መሳይ ነገር አለች፣ የመጀመሪያው ሰሪ ጫፏን ከእንጨቱ ጋ ድፍን አድርጎ አጣብቋታል፣ ለአይን ያምራል፣ ግን ስትተኩስ ብረቱ ወደኋላ ይገፋል፣ ያቺ ጫፍ እንደ ሽብልቅ ሆና እንጨቱን ትፈልጠዋለች። ግፊቱን መሸከም ያለበት ሰፊው የብረቱ ጀርባ ነው፣ ከምላሷ ጫፍ ኋላ ወረቀት ሚያስገባ ክፍተት መተው አለበት። ወረቀት ሚያስገባ፣ በቃ ይቺው ናት፣ እና ሰደፌን ያሳጣችኝ እሷ ናት።

ዋንዛን ግን እንዳታሙብኝ። ለአልጋ፣ ለበር፣ ለከበሮ እንደሱ የለም፣ ለመሮ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ግን ለስላሳና ቀላል ነው፣ ካሊበር 12 ሲመታው ብረቱ የተደገፈበት ቦታ በጊዜ ብዛት እየተጨፈለቀ ይላላል። ፈረንጆቹ ለዚህ ስራ ዋልነት ሚባለውን እንጨት ነው ሚመርጡት፣ የቱርኩን በተለይ፣ ጠንካራም ነው መጠነኛ ክብደትም አለው። እኛ ጋ ጋሼ ያዘዙኝ ወይራ ነው። ያውም አሮጌ ወይራ፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ። አዲስ የተቆረጠ ወይራ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ውፍረቱ በየሁለት ሴንቲ ተኩል አንድ አመት ገደማ ጥላ ስር መቆየት አለበት፣ ይሄ ማለት ለሰደፍ ሚሆን ጉማጅ ሶስት አመት ሊፈጅ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ «ሶስት አመት እኔም አልጠብቅህም» አሉኝ። ቤት ተሸክሞ የኖረ እንጨት ግን መሰንጠቅ ያለበት ሁሉ ተሰንጥቆ አልቋል፣ የተረፈውን ነው ምትገዛው።

ሐረር ወጣሁ። ሸዋ በር አካባቢ ስጠይቅ ስጠይቅ የፈረሰ ቤት እንጨት፣ በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮ ሚሸጥ ሰው ጋ ደረስኩ። ጋሼ በቃል ያስጠኑኝን ይዤ ነው የሄድኩት፦ ርዝመት 45 ሴንቲ፣ ወርድ 17፣ ውፍረት 6 ተኩል፣ ይሄ ሁሉ ከእንጨቱ እምብርት ውጪ ሚገኝ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም እምብርቱ ያለበት ጉማጅ መሰንጠቁ አይቀርም። ጠርሙስ ውሃ ይዘህ ሂድ ብለውኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ እዛ ነው የገባኝ። አቧራ የለበሰ አሮጌ እንጨት ሁሉም አመድ ነው ሚመስለው፣ ትንሽ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ውሃ ስታፈሱበት ግን መስመሩ ብቅ ይላል። አንዱን ወጋግራ ሳረጥበው ማር የመሰለ ቢጫ ላይ ጥቁር ቡኒ እንደ ጭስ የተጠማዘዘበት፣ አቦ ምን ልበላችሁ፣ እዛው ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ሻጩ ፊቴን አይቶ 5,000 አለ። መዶሻ ተውሼ ጫፍ ጫፉን መታሁት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው ሚሰጠው፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ቢሆን ድፍን ያለ ድምፅ ነበር። ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ቁረጥልኝ አልኩት፣ ቅር እያለው ቆረጠልኝ፣ ውስጡም ንፁህ ነው። 1 ሜትር ከ20 በ3,000 ብር ተስማማን። ሻጩን አመሰግናለሁ፣ ቆርጦ ማሳየት ግዴታው አልነበረም፣ ቆርጦ የማያሳያችሁ ሰው ጋ ግን አትግዙ። ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ በአወዳይ፣ በሐረማያ አድርጌ ደንገጎን ወረድኩ፣ የእንጨቱ 300 ብር።

ጋሼ አንድ ሙሉ ጠዋት ምንም አልቆረጡም። ከአሮጌው የአባቴ ሰደፍ ላይ በካርቶን ቅርፁን አወጡና ካርቶኑን ወይራው ላይ ያዞሩታል፣ ያነሱታል፣ ይገለብጡታል፣ እኔ በሆዴ ምን እየጠበቁ ነው እላለሁ። አንገቱ ላይ መስመሩ ቀጥ እንዲል፣ ያ ጭስ የመሰለው ጥምዝ ደግሞ ወደ ተረከዙ፣ ትከሻ ወደሚነካው ጫፍ፣ እንዲያርፍ ነው ሚፈልጉት፣ ውበቱ ሸክም የሌለበት ቦታ ይሁን ነው ነገሩ። ከዛ ቆረጡ፣ ሁለቱን ጫፍ ሻማ አቅልጠው ቀቡት፣ እንጨት በጫፉ ነው ቶሎ ሚተነፍሰው፣ ጫፉ ቀድሞ ከደረቀ ከዛው ይሰነጠቃል። «ውሰደው፣ ጠመንጃው ሚሰቀልበት ክፍል አስቀምጠው፣ በየእሁዱ መዝነው» ብለው ሰደዱኝ።

መመዘን ነው ትልቁ ሚስጥር። ሰፈሬ ያለ ሱቅ ዲጂታል ሚዛን አለው፣ በየእሁዱ ጉማጄን አቅፌ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው እሁድ 5 ኪሎ ከ120 ግራም፣ በሶስተኛው 5 ከ10፣ በአምስተኛው 4 ከ960፣ ከዛ 4 ከ950፣ ደግሞም 4 ከ950፣ ደግሞም 4 ከ950። ያን ያህል አመት ጣራ ተሸክሞ የኖረ እንጨት እንኳ 170 ግራም ውሃ ድሬ ላይ ጣለ! ያ ስድስት ቀን የፈጀው ዋንዛ ስንት ጥሎ እንደነበር አስቡት። ክብደቱ መውረድ ሲያቆም ነው ደረቀ ሚባለው፣ መሳሪያም ምናምንም አያስፈልገውም፣ ሚዛንና ትእግስት ነው።

ልኬቱን ጋሼ ራሳቸው ቤቴ መጥተው ነው የለኩኝ። ጠመንጃውን ከፍቼ ባዶ መሆኑን አሳየኋቸው፣ እሳቸውም በሁለቱም አፈሙዝ በራሳቸው አይን ካላዩ አልነኩትም። ከዛ «አይንህን ጨፍን፣ ትከሻህ ላይ አምጣው፣ አሁን ግለጥ» ይሉኛል፣ ስገልጥ ጫፍ ላይ ያለችው እይታ ቀጥታ አይኔ ፊት መሆን አለባት። አልሆነችም፣ የአባቴ ሰደፍ ለኔ አጭር ነው። ከቃታው እስከ ሰደፉ መጨረሻ 35 ሴንቲ ተኩል ነው፣ እኔ ረጅም ነኝ፣ ካርቶን እየደራረቡ በፕላስተር እያሰሩ 37 ተኩል ላይ አቆሙት። ሌላው ደግሞ የድሮ ጠመንጃ ተረከዙ በጣም ወደታች የወረደ ነው፣ የአባቴ ከአፈሙዙ መስመር 75 ሚሊሜትር ይወርዳል፣ ለዛ ነው ስተኩስ ጉንጬን ሚመታኝ፣ ሰደፉ እንደ ማንሻ ወደላይ ይነሳል። ወደ 58 አመጡት። በቀኝ ስለምተኩስ ደግሞ ሰደፉ 6 ሚሊ ያህል ወደ ቀኝ እንዲያጋድል አደረጉ፣ አንገቴን ሳላጣምም አይኔ መሃል እንዲገባ። ይሄን ሁሉ የመጀመሪያው ሰሪ አልለካም፣ የተሰበረውን እያየ ነው የቀዳው። ካርቶን ተለጥፎበት ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ባዶውን እያነሳሁ ለመድኩት፣ ከዛ በኋላ ነው ይቆረጥ ያልኳቸው።

ብረቱን እንጨቱ ውስጥ መቅበር ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ብረቱን ብቻ ከነፈቃዱ ይዤ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ማታ ይዤ እመለሳለሁ፣ አፈሙዙ ቤት ተቆልፎበታል። ጋሼ ኩራዝ አብርተው ጥላሸቱን ብረቱ ላይ ያስመቱታል፣ ብረቱን እንጨቱ ላይ ቀስ ብለው ይጫኑታል፣ ሲያነሱት የነካው ቦታ ይጠቁራል፣ ያቺን ጥቁር ብቻ በመሮ ይፍቃሉ፣ ደግመው ያጠቁራሉ፣ ደግመው ይጫናሉ። በቀን መቶ ጊዜ በላይ። አንድ ጊዜ ትንሽ ባስ አድርገው ከፋቁ እዛ ጋ ክፍተት ሆኖ ይቀራል፣ መመለሻ የለውም። በሬድዮናቸው ዜና እየሰሙ፣ ከሰአት ሙቀቱ ሲበረታ ቆም እያሉ፣ አሹቅ እየቆረጠምን። በዘጠነኛው ቀን ሲያነሱት እንጨቱ በሙሉ እኩል ጠቁሮ ወጣ፣ ከዛች ከምላሷ ጫፍ ኋላ በስተቀር። እጃቸውን ስሜ ነው የወጣሁት።

ወይራ ከባድ ነው፣ ይሄን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። የአባቴ ዋልነት 800 ግራም ገደማ ነበር፣ አዲሱ 1 ኪሎ ከ200 ሆነ፣ ጠመንጃው ወደኋላ ጎተተ፣ ስታነሱት አፈሙዙ ይንሳፈፋል። ጋሼ ከሰደፉ መጨረሻ ወደ ውስጥ 14 ሴንቲ የገባ፣ 25 ሚሊ ሚሰፋ ቀዳዳ ሁለት በሱለት፣ 140 ግራም ያህል ወጣ፣ አፉን በአባቴ ሰደፍ ላይ የነበረችው የቀንድ ሽፋን ከደነችው። አሁን ሚዛኑ ጠመንጃው ተሰብሮ ሚከፈትበት ከመታጠፊያው አንድ ጣት ወደኋላ ነው፣ ተስማምቶኛል። ቀላል ነገር ምትወዱ ከሆነ ግን ወይራ አይሆናችሁም።

አንገቱ ላይ እጅ እንዳይንሸራተት ሚቀረጸውን ጥልፍልፍ ከሴጌቶ ምላጭ ራሳቸው በሰሩት መሳሪያ ነው ያወጡት፣ በአንድ ሴንቲ ስምንት መስመር ገደማ። ወይራ ጥቅጥቅ ስላለ ጫፉ ሳይፈረካከስ ይዞታል። በግራ በኩል አንዷ መስመር ትንሽ ሸሽታለች፣ የሳቸው አይን ነው፣ ራሳቸውም አሳይተውኛል። ቫርኒሽ የለውም፣ የተልባ ዘይት ነው፣ ቀለም መሸጫ ሚገኘው፣ በመዳፍ እስኪሞቅ እየታሸ በስሱ አስራ አራት ጊዜ፣ አንዱ በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። አደራ፣ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ እንዳትጥሉ፣ በራሱ እየሞቀ ሄዶ እሳት ያስነሳል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት።

አንድ ደግሞ የአባቴን ሰደፍ የገደለው ምን እንደሆነ ነገሩኝ። አሽትተውት «ዘይት ነው የበላው» አሉ። ብረቱን በዘይት ወልውሎ ሰደፉን ወደታች አድርጎ ማቆም የሁላችንም ልማድ ነው፣ ዘይቱ በአመታት እየወረደ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ያጠቁረዋል፣ ያላሸቀዋል፣ ከዛ ነው ሚሰነጠቀው። እኔ አሁን ስወለውል ዘይቱን ጠረግ አድርጌ አፈሙዙን ወደታች ነው የማቆመው።

የእጅ ስራው 12,000 ብር ነው፣ ግማሹን ሲጀምሩ ግማሹን ሲጨርሱ። ሶስት ወር ብለውኝ ሰባት ወር ፈጅቷል፣ ከሱ ውስጥ ሁለት ወር የእንጨቱ ነው፣ የቀረው የሳቸው ነው፣ ይታመማሉ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ስልክ አያነሱም፣ በአካል ካልሄዳችሁ ስራው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ይሄ አስከፍቶኛል፣ አንዴ ተናግሬያቸውም አውቃለሁ፣ ዝም አሉኝ፣ ግን ከዛ በኋላ ቀን ቆርጠው ይነግሩኝ ጀመር። ለሰርግ፣ ለበአል ምናምን ይድረስልኝ ምትሉ ከሆነ እሳቸው ጋ አትሂዱ።

ሲያልቅ ገጠር ዘመዶቼ እርሻ ላይ፣ ለአካባቢው አሳውቀን፣ አስራ አምስት ሜትር ላይ ትልቅ ካርቶን አቁሜ ስድስት ጥይት ተኮስኩ። ጉንጬን አልነካኝም። ፍንጣሪው መሃል ላይ ነው ያረፈው፣ ከምልክቱ ግማሽ ስንዝር ወደላይ፣ ጋሼ ለሚበር ነገር እንደዛ ነው ሚሻለው ብለውኛል። ከተረከብኩ ስምንት ወር ሆነው፣ የሰኔን ሙቀትም ክረምቱንም አልፏል፣ በየወሩ ምላሷ ጫፍ ጋ ወረቀት አስገብቼ አያለሁ፣ ይገባል፣ ስንጥቅ የለም።

የቀረኝ የፊት መያዣው ነው፣ እሱ ገና የድሮው ዋልነት ስለሆነ ቀለሙ አልገጠመም፣ ጋሼ ሁለቱን ባንድ ላይ አልሰራም ብለው ነበር። ከዛው ወጋግራ 30 ሴንቲ ተርፎኛል፣ ጫፍና ጫፉ ሻማ ተቀብቶ ጠመንጃው ካለበት ክፍል ቁምሳጥን ላይ ነው፣ ባለፈው እሁድ 1 ኪሎ ከ840 ነበር፣ የዛሬ ሳምንትም 1 ከ840 ካለ ይዤላቸው እሄዳለሁ።